«ናይስ» ማለት ምን ማለት ነው?

በግቢያችን ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ከአፍ የማትጠፋ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አለች፤ እርሷም «ናይስ» ናት። ምሳው ናይስ ነው፤ አስተማሪው ናይስ ነው፤ ቅዳሜ የታየው ፊልም ናይስ ነበር፤ በስብሰባው ላይ የተነሣው ተማሪ ናይስ ተናገረ፤ ለተወካይነት የቀረበውም ልጅ ናይስ ልጅ ነው ይባላል። ወጡም ሰውየውም ንግግሩም በአንድ ቃል ሲመሰገኑ፣ ምስጋናው ለአንዳቸውም በትክክል አይደርሳቸውም።

የቋንቋ ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን የዚህችን ቃል ታሪክ መርምረን ያገኘነውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ሳናካፍል ብንቀር ንፉግነት ይሆንብናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ናይስ» ትውልዷ ከላቲን ነው። ላቲኖች «ነስኪዩስ» ይሉ ነበር፤ «ነ» አፍራሽ ሲሆን «ስኪሬ» ማወቅ ነው፤ ስለዚህ ፍችው አላዋቂ ማለት ይሆናል። ሳይንስ የምንለውም ቃል ከዚሁ ግስ የወጣ ስለ ሆነ፣ ናይስና ሳይንስ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ አንዱ የዕውቀት፣ ሌላው የዕውቀት ዕጦት ስም ነው። ቃሏ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጋ በ1300 ግድም ወደ እንግሊዝ አገር ስትገባ ፍችዋ ሞኝ ማለት ነበር። ባለቅኔው ቾሰር በኖረበት በ14ኛው መቶ ዓመት ሰውን ናይስ ማለት ማመስገን ሳይሆን መስደብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀበጥ፣ ቅምጥል፣ ሁሉን የሚያማርጥ ወደሚል ፍች ተሻገረች። የሚያማርጥ ሰው ጥቃቅኑን ልዩነት ማየቱ ስለማይቀር፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ረቂቅና ጥንቁቅ የሚል ትርጉም አገኘች። ዛሬም ቢሆን በሕግ ወይም በፍልስፍና መጽሐፍ ውስጥ «ናይስ ዲስቲንክሽን» የሚል ያነበበ ተማሪ፣ «ረቂቅ ልዩነት» እንጂ «ደስ የሚል ልዩነት» ብሎ ቢተረጕም ይወድቃል። ደስ የሚል፣ መልካም የሚለው የዛሬው ፍችዋ የተስፋፋው ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። ጄን ኦስተን ካረፈች በኋላ በ1817 መጨረሻ በወጣው «ኖርዛንገር አቢ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ሄንሪ ቲልኒ የሚባለው ወጣት ካትሪንን በዚህችው ቃል ምክንያት ያሾፍባታል። እንግዲህ ቅሬታው በኛ የተጀመረ አይደለም፤ ባለቤቶቹም ካነሡት 200 ዓመት አልፎታል።

የሚያስገርመው ይኸው ነው። ረቂቁን ልዩነት ለማመልከት ታገለግል የነበረች ቃል፣ ዛሬ ልዩነትን ሁሉ ለመደምሰሻ ሆነች።

ተቃራኒውን መንገድ የሄደች ደግሞ «ሲሊ» የምትባለው ቃል ናት። በጥንቱ እንግሊዝኛ የተባረከ፣ ደስተኛ ማለት ነበረች፤ ቀስ በቀስ የዋህ፣ ቀጥሎ ምስኪን፣ በመጨረሻ ቂል ማለት ሆነች። ይኽ ለአማርኛችን እንግዳ ነገር አይደለም። «የዋህ» የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ምስጋና ሲሆን፣ በገበያ ግን በቀላሉ የሚታለል ሰው መጠሪያ ሆኗል። «ጥሩ» የምንለውም «ጠራ» ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ፣ በመሠረቱ የነጠረ፣ ጉድፍ የሌለበት ማለት ነው፤ «ጥሩ ወርቅ» ስንል ይኸው ፍች ይታያል።

ከጓደኞቻችን አንዳንዱ ከ«ናይስ» ለማምለጥ ሲል ወደ ሮጄ መጽሐፍ ይሮጣል። ፒተር ማርክ ሮጄ የተባለው ሐኪም በ73 ዓመት ዕድሜው፣ በ1852 ያሳተመው «ቴዞረስ» ቃላትን በሐሳብ ዝምድናቸው የደረደረ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ፍቻቸውን አይናገርም፤ የተሠራው ሐሳቡን ይዞ ቃሉ ለጠፋው ሰው እንጂ ሐሳብ ለሌለው ሰው አይደለም። ጓደኛችን ግን ከተደረደሩት መካከል ረዥሙን መርጦ ይወጣል። ጎን ለጎን የቆሙ ቃላት ሁሉ አንድ አይደሉም። «ፕሌዛንት» ለሰውም ለአየሩም ይሆናል፤ «ካይንድ» ግን ሰው እንጂ ምሳ አይባልም። ሰውም ቢሆን ፕሌዛንት ሆኖ ካይንድ ላይሆን ይችላል፤ ሲያጫውትህ ውሎ በችግርህ ቀን ፊቱን የሚያዞርብህ አለና። በአማርኛም ጨዋታ ዐዋቂና ደግ ሰው የተለያዩ ናቸው።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይኽን ያህል ቀለም ባላባከንን ነበር። ተወካይ ስንመርጥ «ናይስ ልጅ ነው» ተባብለን እጃችንን እናወጣለን። ምን ማለታችን ነው? ታማኝ ነው? ሥራ ዐዋቂ ነው? እውነትን በባለሥልጣን ፊት የሚናገር ነው? ወይስ ልብሱ ያማረ፣ ሰላምታው የሞቀ ነው? የማኅበር ገንዘብ የሚይዝ ሰው ታማኝነት ያስፈልገዋል፤ የሞቀ ሰላምታ ሒሳብ አያወራርድም። ንግግርም እንዲሁ ነው። ተናጋሪው ያለው እውነት ይሁን ሐሰት፣ ማስረጃ ይኑረው አይኑረው ሳንመረምር «ናይስ ተናገረ» ብለን ስንበተን፣ ያመሰገንነው መስሎን ከመፍረድ ሸሽተናል። ተናጋሪውም ምኑ እንደ ተወደደለት፣ ምኑን ማረም እንዳለበት ሳያውቅ ይሄዳል።

«ታዲያ ለሻይ ቤት ጨዋታ ሁሉ ሚዛን ይዘን እንዙር?» የሚለን ሰው ይኖር ይሆናል። አላልንም። ሻዩ ናይስ ቢባል የሚጎዳ የለም፤ ለመግባቢያ ያህል የላላ ቃል በማንኛውም ቋንቋ ያስፈልጋል። የምንቃወመው ፍርድ በሚያስፈልግበት ቦታ በዚሁ በላላው ቃል መገላገልን ነው። ደግ፣ ቅን፣ ጨዋ፣ ታማኝ፣ ብልኅ፣ ደፋር፣ ለዛ ያለው የሚሉት ቃላት እያሉን፣ ሁሉንም በአንዲት የውሰት ቃል ስንለውጣቸው በሰዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማየትም እያዳገተን ይሄዳል።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ሐሳብ እናቀርባለን። ከሚመጣው ስብሰባ ጀምሮ ሰውን ወይም ንግግርን ናይስ ብሎ ያመሰገነ ሁሉ «በምኑ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ይስጥ። መልስ ያላገኘለት እንደ ሆነ፣ እጁን ከማውጣቱ በፊት ጥቂት ያስብበት።