የሰረዝነው ቁጥር

ባለፈው ወር በቤተ ሙከራ ከእንቁራሪት የጡንቻ ሴል ውስጥ ቮልት ስንለካ መሣሪያው ከዜሮ በታች 62 ሚሊቮልት አሳየን። መጽሐፉ የሚለው ግን 90 ገደማ ነው። የራሳችንን ሰርዘን የመጽሐፉን ጻፍንና ሙሉ ነጥብ አገኘን። ይህን የሚያደርግ የእኛ ቡድን ብቻ እንዳልሆነ አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን አንድ ታሪክ ላንሣ። ነርቭ ከጡንቻ በሚገናኝበት ሲናፕስ ላይ አሴቲልኮሊን የተባለ ቅመም ይለቀቃል፤ ቅመሙ በጡንቻው ሽፋን ላይ ያሉትን በሮች ይከፍታል፤ የሶዲየም አይዮን ይገባል፤ የኤሌክትሪኩ ምልክትም ይነሣል። ይህን ሁላችንም እንደ ዳዊት እንደግመዋለን። ፖል ፋትና በርናርድ ካትዝ ግን በለንደን ሲለኩ፣ ነርቩን ማንም ሳይነካው ግማሽ ሚሊቮልት ገደማ የምታህል ምልክት አልፎ አልፎ ብቅ ትል ነበር። በ90 ፊት ግማሽ ምን አላት? እኛ ብንሆን «የመሣሪያ ረብሻ» ብለን በሰረዝናት። እነርሱ ግን ተከታተሏት፤ ከመጋጠሚያው ሲርቁ ትደክማለች፣ ኩራሬ የተባለው መርዝ ሲጨመር ትጠፋለች። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1952 ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካትዝ ከዴል ካስቲዮ ጋር ሆኖ፣ ትልቁ ምልክት ራሱ የእነዚያ ትንንሾች ድምር መሆኑን አሳየ። ቅመሙ የሚለቀቀው በቁና ተሰፍሮ ነው ማለት ነው።

«ሶዲየም ይገባል» ብሎ ማቆምም ጎደሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አኪራና ኖሪኮ ታኬውቺ እንዳሳዩት፣ በዚያው ቅመም ሽፋኑ ለፖታሲየምም ይከፈታል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሁለቱ የሚመዛዘኑት ከዜሮ በታች 15 ሚሊቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ሴሉ ባረፈበት ቮልት ላይ ግን ፖታሲየምን የሚገፋው ኃይል ጥቂት ስለሆነ የሶዲየሙ መግባት ያይላል። ይህን በፈተና ላይ የጻፈ ተማሪ እስካሁን አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ።

«መሣሪያችን አሮጌ ነው፣ የለካነውም የሚታመን አይደለም» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው እንደዚያው ብሎ መጻፍ ነው። መምህራኖቻችንንም የምንለምነው፣ ከመጽሐፉ ለራቀ ቁጥር ነጥብ ከመቀነስ ይልቅ ምክንያቱን እንዲጠይቁን ነው።

እኔ በበኩሌ 62ን በደብተሬ መልሼ ጽፌዋለሁ። ኤሌክትሮዱ ሽፋኑን ሲወጋ ክፍተት ትቶ ሶዲየም ሰርጎ ገብቶ ይሆናል፤ ይህም እኮ የአይዮን ፍሰት ነው። ከነጥቤ የሚቀነስ ካለ ይቀነስ።