አንኮበርን ሳናይ ስለ ስፓርታ

ስለ አቴናና ስለ ስፓርታ ያልተማረ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ከስፓርታ አጠገብ ባለው ተራራ ላይ ስለምትገኘው ስለ ሚስትራስ የሰማ ግን ጥቂት ነው። የመጨረሻው የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ 11ኛ ከመንገሡ በፊት ያስተዳድራት የነበረችው ይህች ከተማ፣ አዲሲቱ ስፓርታ በ1834 እ.ኤ.አ. በሜዳው ላይ ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቧ ቀስ በቀስ እየወረደ ባዶዋን ቀረች። ሆኖም አልተረሳችም፤ ፍርስራሿ ተጠብቆ በ1989 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እኛም ሚስትራስ አለችን፤ ስሟም አንኮበር ይባላል።

የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከመንዝ ነው። ከነጋሲ በኋላ የተነሡት ልጆችና የልጅ ልጆች ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እያሰፉ ሄደው፣ አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አደረጉ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልክተኛ ጋር የወዳጅነት ውል የተዋዋሉት በዚያ ዘመን ነበር። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን የያዙት በዚሁ አገር ነው። ኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ አንኮበር ዳገቷ ላይ ቀረች።

«ከፍርስራሽ ምን ይታያል?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው የድንጋይ ግንብ ብዙ አይደለም፤ በኮረብታው ላይም በኋላ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበት ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቆሞ ቍልቍል የተመለከተ ሰው፣ ነገሥታቱ ቦታውን ለምን እንደ መረጡት ያለ አስተማሪ ይገባዋል። ከኋላ እህል የሚያበቅለው ደጋ፣ ከፊት የአፋር ቈላ፣ ከግርጌው ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ያርፍበት የነበረው የአልዩ አምባ ገበያ ነው። መጽሐፍ በብዙ ገጽ የሚያስረዳውን ዓይን በአንድ አፍታ ይጨርሰዋል።

ጥበቃውንስ ማን ያድርገው? መልሱን ከመንዝ እናገኛለን። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት ያቈየው በቄሮ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ ሕዝቡ ራሱ እየወሰነ፣ ደንብ የጣሰውን እየቀጣ ነው። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ በኋላ በራሱ ኮሚቴ ጥበቃውን ቀጠለ። ስለዚህ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ በጓሳ አሉ። ሣርን እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ ለአባቶቹ ከተማ ግንብ ያንሳል አንልም። የሚያስፈልገው ሥልጣኑ ከነጥቅሙ ለአገሬው እንዲሰጥ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ጕዞን አስቸጋሪ እንዳደረገው እናውቃለን። መንገድ እስኪቀና ድረስ ግን የሚሠራ አለ። የዚያ አገር ልጅ የሆነ ተማሪ የአባቶቹን ወሬ፣ የእያንዳንዱን አምባና በር ስም ከሽማግሌ ጠይቆ ይጻፍ። ወጣቱ ሹምም በመሥሪያ ቤቱ የቅርስ ነገር ሲነሣ አንኮበርን ያስታውስ። ግንብ ቢፈርስ ድንጋዩ ይቀራል፤ ሽማግሌው ሲያልፍ ግን የነገሩን ፍቺ ይዞት ይሄዳል። መንገዱ ሰላም ባገኘ ቀን፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም 40 ያህል ነው፤ ከስፓርታ ይቀርባል።