ኤርብራሽ ለመጀመር ኤርብራሽ አትግዙ

ጎበዝ፣ ዛሬ ጠብ የምንጀምረው ከራሳችን ሰፈር ሰዎች፣ ከፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ጋር ነው። እኛም ከነሱው ነን። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተናነቀችውን ኤፍ-5 በ1 ለ72 ልኬት፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርገን፣ ጠረጴዛችን ላይ ለማቆም ስንት ሌሊት ያጠፋን ሰዎች ነን። ስለዚህ «እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚል ካለ፣ አገባን።

የጠባችን ምክንያት አንድ ምክር ነው። አንድ ጀማሪ «ኤርብራሽ ልጀምር ነበር፣ ከምን ልነሳ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ይኼ ነው፦ «ርካሽ ኤርብራሽ ከውጭ አስልክ፤ ቀለሙንና ቲነሩን ከመኪና ቀለም መደብር ግዛ፤ ከጎሚስታ ያረጀ ኮምፕሬሰር ፈልግ፤ በቃ፣ እርጭ!» ማስኩስ? «እሱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

አይደርስም! የሚደርሰው ሳሉ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በጠጉር ብሩሽ ስትቀቡ ቀለሙ ያለው ብሩሹና ፕላስቲኩ ላይ ነው። ኤርብራሽ ግን ቀለሙን በአየር ግፊት ሰባብሮ ጉም ያደርገዋል። ሥራውም ውበቱም ይኸው ነው። ከዚያ ጉም ውስጥ ታዲያ ሁሉም ክንፉ ላይ አያርፍም። የተረፈው አየር ላይ ይንሳፈፋል። የምንረጨው ደግሞ የት ነው? ብዙዎቻችን ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አልጋውም ምግቡም የታናሽ ወንድማችን ደብተርም ባለበት ክፍል ነው። ጉሙን የምንተነፍሰው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

የመኪና ቀለሙ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው ባለ ሁለት ክፍል የመኪና ቀለም፣ ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለው። ይህ ኬሚካል አስም እንደሚያስይዝ በሙያው ዓለም የታወቀ ነው። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ ጥቂቷም ትበቃዋለች። ለዚህ ሥራ የሚመከረው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚሰጥ ጭምብል ነው። ይህንን ነው እንግዲህ መኝታ ቤት ውስጥ ርጩ የሚሉን።

«ጋራዥ ያሉት ቀቢዎች አፋቸው ላይ ጨርቅ አስረው ሃያ ዓመት ሠርተው የለም ወይ?» ትሉናላችሁ። ሠርተዋል። ሲያስሉ ግን ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? እነሱ እንጀራ ሆኖባቸው ነው። እኛ ለመዝናኛ ብለን የነሱን መከራ የምንኮርጀው ምን ጎሎን ነው?

ቲነሩም አለ። ትነቱ በእሳት ይያዛል። እናታችን ሳሎን ውስጥ ቡና ልታፈላ ከሰል ስታቀጣጥል፣ እኛ ከመጋረጃው ጀርባ ቲነር የምንረጭ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

«እኔ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ነው የምጠቀመው» የሚለው ወዳጃችንም አያመልጥም። ሽታው ቀነሰ እንጂ ጉሙ አልቀረም። የቀለሙ ዱቄትና ሙጫው ያው ሳንባ ይገባል። አንዳንዱ አክሪሊክ፣ ለምሳሌ የጃፓኑ ታሚያ፣ አልኮል አለበት። ከኮሮና ጊዜ የተረፈው የቀዶ ሕክምና ማስክም አያድንም። ጥሩ የአቧራ ማስክ እንኳ ብናኙን ይይዝ እንደሆነ እንጂ የቲነር ትነት አይይዝም። የሚያስፈልገው ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ ለኬሚካል ትነትም ለብናኝም የሚሆን ማጣሪያ ያለው የጎማ ጭምብል ነው። ማጣሪያው ያልቃል፣ ይቀየራል። በዚያ ላይ አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ያስፈልጋል። መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ነፋሱ ሲዞር ጉሙን መልሶ ያስታቅፋችኋል።

«ይኼ ሁሉ ከሞዴሉ ይወደዳል!» ልክ ናችሁ፣ ይወደዳል። መልሳችን ግን «እንግዲያው ያለ ማስክ ርጩ» አይደለም። እስኪሟላ በብሩሽ ቀቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኤርፊክስ የስፒትፋየርን ሞዴል ለገበያ ሲያወጣ፣ የእንግሊዝ ልጆች በኪስ ገንዘባቸው ገዝተው የሚቀቡት በጠጉር ብሩሽ ነበር። ቀለሙን አቅጥኖ፣ የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛውን ደርቦ የሚቀባ ሰው ሥራው አያሳፍረውም።

ጭምብሉና ማራገቢያው ከተሟሉ በኋላ፣ ያኔ ኑ እናውራ። ቀጥሎ ኮምፕሬሰር ነው፦ ግፊት መቆጣጠሪያና የእርጥበት ማጥመጃ ያለው። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለጎማ እንጂ ለ20 ሴንቲ ሜትር አውሮፕላን አልተሠራም፤ ለእኛ ሥራ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ ይበቃል። በመጨረሻ ኤርብራሹ፦ ቃታው ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም የሚለቅ፣ አፉ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ። ቀለሙ እንደ ወተት እስኪሆን ይቅጠን። ሲጀምሩ አየር ይቀድማል፣ ሲያቆሙ ቀለም ይቀድማል። መጀመሪያ በውሃ ጠርሙስ ላይ ተለማመዱ። በየቀለሙ መሀል ደግሞ እጠቡ፤ «ኤርብራሼ ተበላሸ» የሚሉን ብዙዎቹ ያላጠቡ ናቸው።

ቅደም ተከተሉን የምንጨቃጨቅበት ለዚህ ነው። የተበላሸ ሞዴል ቀለሙ ተነስቶ እንደገና ይቀባል። ሳንባ መለዋወጫ የለውም። ጀማሪን «ማስኩ ይደርሳል» ብሎ የሚመክር ሰው ገንዘብ ያተረፈለት ይመስለዋል፤ ያበደረው ግን ከሳንባው ነው።

የተስማማችሁ እሰየው። ያልተስማማችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ማራገቢያውን አብሩና ከዚያ ስደቡን።