የቱቪያ ሴቶች ልጆችና የእኛ ልጆች



በኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ስንገናኝ ወላጆች ቀረብ ብለው ብዙ ነገር ይጠይቁናል። አንዱ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ልጄ ከማትናስ ወረቀት ይዛ መጣች። ትያትር ላይ ልትዘፍን ነው። አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው? ልፈርም ወይስ ልከልክል?»

ሳያውቁ ከመፈረምም፣ ሳያዩ ከመከልከልም መጠየቅ ይሻላል። ስለዚህ ዛሬ አማተር ቡድኖች፣ ማለትም ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚጫወቱ ሰዎች፣ በየአገሩ ደጋግመው ስለሚያሳዩት አንድ የሙዚቃ ትያትር እንነግራችኋለን። በዕብራይስጥ «ካናር አል ሃጋግ» ይባላል፤ በጣራ ላይ ያለው ቫዮሊን ተጫዋች ማለት ነው።

መነሻው የዪዲሽ ደራሲው የሾሎም አሌኽም ታሪኮች ናቸው። በ1964 በኒውዮርክ፣ በ1965 ደግሞ እዚህ አገር በዕብራይስጥ ለመድረክ በቃ። በ1971 በወጣው ፊልም አባትየውን ሆኖ የተጫወተው የቴል አቪቭ ተወላጁ ሐይም ቶፖል ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1905 ገደማ በሩሲያ፣ አናቴቭካ በምትባል መንደር ነው። ወተት ሻጩ ቱቪያ አምስት ሴቶች ልጆች አሉት። ታላቋን ለሀብታም ሥጋ ሻጭ ሊድር ቃል ይሰጣል፤ እሷ ግን ድሀ ልብስ ሰፊ ትወዳለች። አልቅሳ ስትለምነው ቃሉን ያጥፋል። ሁለተኛዋ በፖለቲካ የታሰረ እጮኛዋን ተከትላ ሳይቤሪያ ትሄዳለች። ሦስተኛዋ ከሃይማኖቷ ውጭ ታገባለች፤ ይህን ግን አባት መሸከም ያቅተዋል። በመጨረሻ የመንደሩ አይሁድ ሁሉ በመንግሥት ትእዛዝ ተባርረው ይሰደዳሉ።

ሽማግሌ የላከ፣ ሰባት ቤት የቆጠረ፣ መንደሩን ጥሎ የወጣ አባት ይህን ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም። የእኛን ጭንቀት ሌሎች አይሁድም ተጨንቀውበታል።

«ልጆቻችንን አለመታዘዝ ያስተምርብናል» የምትሉ አላችሁ። ትያትሩ በአባት አይቀልድም። አባት ከራሱ ጋር ሲሟገት፣ ከእግዚአብሔር ጋር ሲነጋገር ያሳያል። በቤት ውስጥ በአፍ ለማውጣት የከበደ ነገር በዚህ ሰበብ ሊወራ ይችላል። ልጅም ግጥሙን በቃሏ ስታጠና ዕብራይስጧ ይፈታል።

አዝማሪነትን በተመለከተ፣ በአገራችንም መድረክ ክብር አግኝቷል። በአዲስ አበባ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ሕዝቡን ለአገሩ የቀሰቀሰው በንግግር ብቻ ሳይሆን በዘፈንና በትያትርም ነበር።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

ልምምዱ በሳምንት ስንት ቀን ነው? በስንት ሰዓት ያበቃል?

ክፍያ አለው? ማቃለያስ ይደረጋል?

ልብሱ ምን ዓይነት ነው?

ማታ ማን ወደ ቤት ያደርሳታል?

ከጣቢያው የሚነሳውን የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ፤ ዓርብ አውቶቡስ ቀደም ብሎ እንደሚያቆም አትርሱ። ዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ ልጅቷን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ ስለ ራሷ ጉዳይ በእናንተና በአስተማሪዋ መካከል መቆም የለባትም። መጋሸሬት እንድትገኝ ጠይቁ።

ፈቅዳችሁ ከሆነ በትርኢቱ ቀን እናትም አባትም ሂዱ። ቃሉ ሁሉ ባይገባችሁም ልጃችሁ ከመድረክ ሆና ወንበራችሁን ትፈልጋለች። ባዶ አታግኘው። ከልክላችሁም ከሆነ ምክንያቱን ቁጭ ብላችሁ ንገሯት፤ ቱቪያ እንኳ መጀመሪያ ልጁን ሰምቷል።

እስከሚቀጥለው ዕትም ሰላም ሁኑ።