ለእንግዳ ደብዳቤ የእንግዳ ክፍል



ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ ያለው የኢሜይል ደብዳቤ ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። አባሪውን በዊንዶውስ ኮምፒዩተር የከፈተ ሰው ፎቶግራፎቹ ጠፉበት፤ ያው ደብዳቤም በእርሱ ስም በአድራሻ መዝገቡ ላሉት ሁሉ ተላከ። ብዙዎች ያለ ጥርጣሬ የከፈቱት ከሚያውቁት ሰው ስለ መጣላቸው ነበር።

ዛሬ ለዚህ ዐይነቱ አደጋ አንድ መላ አለ፤ ስሙም ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። ይኸውም በኮምፒዩተሩ ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ማለት ነው። እንግዳ በሳሎን ይስተናገዳል እንጂ ጓዳ አይገባምና፥ አጠራጣሪው ፋይል በዚያ ይከፈታል። በዊንዶውስ ፕሮ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚገኘው «ዊንዶውስ ሳንድቦክስ» እንዲህ ያለ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይደመሰሳል።

ይሁን እንጂ የቤቱን ፎልደር ለሳንድቦክሱ ያጋራ ሰው የጓዳውን በር ራሱ ከፈተ፤ በዚያ ውስጥ የይለፍ ቃሉን የጻፈም ምስጢሩ ሊሰረቅበት ይችላል።

ስለዚህ የልጆቻችሁን ፎቶግራፎች ግልባጭ ከኮምፒዩተሩ ውጭ አኑሩ። ያልጠበቃችሁትንም ፋይል፥ ላኪው ወዳጅ ቢሆን እንኳ፥ አስቀድማችሁ በእንግዳው ክፍል ክፈቱት።