ስሙ መዋጮ፣ ግብሩ ግብር

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት መምህራን አሉ እንበል። አንዱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ሌላው በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ካምፓስ። ሁለቱም ከአንድ ገበያ ጤፍ ይሸምታሉ፤ የአንድ መንገድ አቧራ ይጠጣሉ፤ ልጅ ሲታመምባቸውም ወደ አንድ ጤና ተቋም ይሮጣሉ።

የወር ደመወዝ ሲከፈል ግን መንገዳቸው ይለያያል። የመጀመሪያው የሥራ ግብር የክልሉ ገቢ ነው። የሁለተኛው ወደ ፌዴራል ካዝና ይሄዳል።

ይህ የሒሳብ ሠራተኛ ስህተት አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 እና 97 የሚሉት ነው። ግብሩ የሚከፋፈለው ከፋዩ በሚኖርበት ቦታ ሳይሆን በቀጣሪው ማንነት ነው። የፌዴራል የልማት ድርጅቶች ትርፍም እንደዚያው። ኢትዮ ቴሌኮምና ንግድ ባንክ ከቦረና ሰው የሚያገኙት ትርፍ ግብር ቦረና ላይ አያርፍም። የአካባቢው ነጋዴ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ጭኖ የሚያመጣው ከውጭ የገባ ዕቃም ቀረጡ ከተከፈለ ቆይቷል። ቀረጡን በመጨረሻ የሚከፍለው ግን ዕቃውን የሚገዛው ገበሬ ነው። ደረሰኝ ስለሌለው ብቻ እንዳልከፈለ ይቆጠራል።

ታዲያ ለወረዳው ምን ቀረለት? የገበሬው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር፣ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የትንንሽ ነጋዴዎች ግብር፣ የራሱ ሠራተኞች የሥራ ግብር። የእነዚህንም ምጣኔ ወረዳው አይወስንም። ሕጉን ክልሉ ያወጣል፤ በር እያንኳኳ የሚሰበስበውና የሚረገመው ወረዳው ነው።

ኃላፊነቱስ? ከ1994 እና 1995 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ያልተማከለ አስተዳደር ወደ ወረዳ ወርዷል ተብሎ ታውጇል። ትምህርቱ፣ ጤናው፣ የግብርና ኤክስቴንሽኑ፣ ውሃው፣ የገጠር መንገዱ ሁሉ የወረዳ ሥራ ሆነ። ሥራው ወረደ፤ ገንዘቡ ግን በድጎማ ስም ከላይ እየተለካ ይመጣል። ከሚመጣው አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ለጠመኔ፣ ለሞተር ነዳጅ፣ ለተበላሸ የውሃ ፓምፕ የሚተርፈው ኢምንት ነው።

ጉድጓዱ የሚሞላው በመዋጮ ነው። ለክፍል ማስፋፊያ፣ ለጤና ኬላ፣ ለጥርጊያ መንገድ፣ ለስፖርት፣ ለበዓል፣ ለሌላም። ይህ ሁሉ «የሕዝብ ተሳትፎ» ይባላል። ከጥር ጀምሮ በተፋሰስ ሥራ የሚቆጠረው ያለ ክፍያ የሚሠራ የጉልበት ቀንም አለ። እርከን መሥራት መሬቱን እንደሚጠቅም ማንም አይክድም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ «አልችልም» ማለት የማይቻልበት መዋጮ ምኑ መዋጮ ነው? በየገጠሩ የሚሰማው ቅሬታ ያልከፈለ ሰው ቀበሌ ሄዶ ጉዳይ ማስፈጸም ይቸገራል የሚል ነው። ይህ እውነት በሆነበት ቦታ ሁሉ የሚሰበሰበው ግብር ነው፤ ያውም አዋጅ የሌለው፣ ምጣኔው በስብሰባ ጭብጨባ የሚወሰን፣ ባለ አንድ ጥማድና ባለ ሦስት ጥማድ እኩል የሚከፍሉት ግብር።

የባሰው ደግሞ ስሌቱ ነው። የወረዳ በጀት ሲሠራ ወረዳው ይሰበስባል ተብሎ የታቀደው ገቢ ከጠቅላላው ፍላጎት ላይ ይቀነስና ቀሪው በድጎማ ይሰጣል። ይህ ማለት ዘንድሮ ተግቶ የሰበሰበ ወረዳ ለከርሞ ዕቅዱ ከፍ ይልበታል፤ ድጎማው ይቀንስበታል። እንዲህ ባለ ስሌት ብልህ አስተዳዳሪ የሚማረው ግብርን በዝግታ መሰብሰብ፣ መዋጮን ግን መግፋት ነው። መዋጮ ከድጎማ አይቀነስማ!

«ድሃ ወረዳ ራሱን ይቻል ማለት ጭካኔ ነው፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ወግዲና ከላላ ምን አላቸው?» የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ እውነት አለው። ማንም ሳይንትን ወይም ለጋምቦን ከድጎማ አውጥቶ ለብቻው ይቁም ሊል አይችልም። በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ እንኳ አዲስ የገቢ በር የከፈተው ለከተሞች ነው። ነገር ግን ድጎማ አስፈላጊ ነው ማለት፣ ድጎማ የበላይ አካል ችሮታ ይሁን ማለት አይደለም። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ካውንቲዎች ከብሔራዊ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲያገኙ ጽፋለች። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል፤ ለዚያ ሥልጣን የሚሆን ቁጥር ግን የለውም። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 43 አውራጃዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ታስቦ ነበር። ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀርቶ ነገሩ በጥቂት አውራጃዎች ሙከራ ተወሰነ። መንግሥት ሦስቴ ተቀየረ፤ ማዕከሉ ቦርሳውን የመልቀቅ ፍርሃቱ ግን አልተቀየረም።

«ገንዘብ ወረዳ ከወረደ ይመዘበራል» የሚሉም አሉ። ምዝበራ ከታች ብቻ የሚበቅል አረም ቢሆን ኖሮ ከላይ ያለው ማሳ ንጹሕ በሆነ ነበር። የከፈለውን የሚያውቅ ሰው የት ገባ ብሎ ይጠይቃል። የወረዳው በጀት «ከላይ የመጣ» እስከሆነ ድረስ ግን አስተዳዳሪው ሒሳብ የሚያወራርደው ለላኪው እንጂ ለገበሬው አይደለም።

ስለዚህ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው። የወረዳ ድርሻ በክልል ሕግ በመቶኛ ይጻፍ። ከዕቅድ በላይ የተሰበሰበ ገቢ ሳይቀነስ እዚያው ይቅር። የፌዴራል ተቋማት ሠራተኞች የሥራ ግብር ከፊሉ ተቋሙ ላለበት አካባቢ ይመለስ፤ ይህ ሕገ መንግሥት ማሻሻልን ይጠይቃል ከተባለ እስከዚያው በድጎማ ቀመር ይካካስ። መዋጮም ከሆነ በእውነት በፈቃድ ይሁን፤ ግብር ከሆነ ደግሞ በምክር ቤት ይወሰን፣ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ የገባውና የወጣው በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ይህ ሰላምን አይጠብቅም። በክልሉ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ገበሬው ለማን፣ ስንት፣ ስለምን እንደሚከፍል መለየት የተቸገረበት ጊዜ ነው። መንግሥት ነኝ የሚል አካል ከሌላው ጠያቂ የሚለይበት አንዱ ምልክት በሕግ ያወጣው ግብርና የሚሰጠው ደረሰኝ ነው። ሕግም ደረሰኝም ሳይዝ እጁን ከዘረጋ፣ ገበሬው በምን ይለየው?