ቁጥር ለቃሚው ማሽንና የእኛ አኃዝ

ኮምፒዩተር ከረዥም ጽሑፍ ውስጥ ቁጥሮችን ብቻ ለቅሞ እንዲያወጣ የሚታዘዝበት ጥበብ ሬጉላር ኤክስፕረሽን ይባላል። ሐሳቡን ስቲቨን ክሌይኒ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1956 አሳተመው፤ በ1968 ደግሞ ኬን ቶምሰን ለጽሑፍ ፍለጋ እንዴት እንደሚውል አሳየ። አሠራሩ ቀላል ነው። «ከ0 እስከ 9 ያለ አኃዝ፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ተከታትሎ» የሚል መልክ ይሰጠዋል፤ ማሽኑም ይህን መልክ ያለውን ሁሉ ይለቅማል። ጥቅሙን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ጥበቡን ስንማር የባዕድ ቋንቋ ምሳሌን እንዳለ መቅዳታችን ትክክል አይመስለኝም። ምክንያቴንም ልግለጽ።

አንደኛ፣ እኛ «በ1968»፣ «ከ250 ብር» እያልን ፊደልንና ቁጥርን አጋጥመን እንጽፋለን። በፓይቶን ቋንቋ «ቁጥሩ ከቃል ድንበር ይጀምር» የሚል ትእዛዝ ቢሰጥ፣ «በ» ፊደል ስለ ሆነች በእርሷና በ1 መካከል ድንበር አይቈጠርም፤ ቁጥሩም ሳይለቀም ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የግዕዝ አኃዞች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቢገቡም፣ የፓይቶን የአኃዝ ምልክት አያነሣቸውም። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ፲፱፻፶፰ ማለት ዐሥርና ዘጠኝ ተደምሮ በመቶ ሲባዛ፣ ሃምሳና ስምንትም ሲታከልበት፣ 1958 ነው። ስለዚህ መልቀም ብቻ አይበቃም፤ ማስላትም ያስፈልጋል።

«የግዕዝን ቁጥር ዛሬ ማን ይጽፈዋል?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኛ ባንጽፈውስ አባቶቻችን ጽፈውበት የለምን? የአሮጌ ደብዳቤዎችና የብራና መጻሕፍት ዘመን የሚታወቀው በእርሱ ነው። እነዚህ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡ ማሽኑ «አላወቅሁትም» ብሎ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። የተዘለለውም ዘመን እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን 20 ምልክቶች በመልኩ ውስጥ መጨመር፣ የሚያሰላ አጭር ፕሮግራምም ማስከተል ለ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። መምህራኖቻችን ይህን መልመጃ ቢሰጡን፣ እኛም ብንተጋበት፣ ማሽኑ የእኛንም ቁጥር ማንበብ ይማራል። የሌላ አገር ሰው መጥቶ ያስተምረዋል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም።